ምንም ያልተጻፈበት የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ፦ የ5 ቮልት ነው ወይስ የ3.3? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመርካቶ በፍሬ የተገዛ፣ ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ያለ ካርቶን የመጣ ወይም ከአሮጌ ፕሮጀክት ላይ የተነቀለ የማይክሮኮንትሮለር (ኮድ ተጭኖበት ሌሎች ዕቃዎችን የሚያዝ ቺፕ) ቦርድ እጃችን ሲገባ ብዙ ጊዜ ስሙን እናውቃለን፤ በስንት ቮልት እንደሚሠራ ግን የሚነግረን የለም። ከታች ያሉት መልሶች በዋናነት አርዱይኖ ፕሮ ሚኒን እና ቅጂዎቹን የሚመለከቱ ናቸው። ይህን ትንሽ ቦርድ የነደፈው በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚገኘው ስፓርክፈን ሲሆን፣ ቦርዱ በሁለት ዓይነት ይመረታል፤ አንደኛው በ5 ቮልት እና በ16 ሜጋኸርዝ፣ ሌላኛው በ3.3 ቮልት እና በ8 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንታ ይመስላሉ፤ ጥያቄው ደጋግሞ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ዘዴዎቹ ግን ለሌሎች ቦርዶችም ይሠራሉ፤ ልዩነት ያለበትን ቦታ በየመልሱ ጠቁሜያለሁ።

«የሥራ ቮልቴጅ» ሲባል የትኛው ቮልቴጅ ነው?

በአንድ ቦርድ ላይ ቢያንስ ሦስት ቮልቴጆች ስለሚኖሩ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ከውጭ ወደ ቦርዱ የሚገባው ነው፤ በፕሮ ሚኒ ላይ «ሮው» በሚለው እግር፣ በሌሎች ቦርዶች ላይ «ቪን» በሚለው እግር ወይም በዩኤስቢ መሰኪያው በኩል ይገባል። ሁለተኛው፣ ሬጉሌተሩ ይህንን ተቀብሎ ዝቅ ካደረገው በኋላ ለማይክሮኮንትሮለሩ የሚያደርሰው ሲሆን እግሩ «ቪሲሲ» ይባላል። ሦስተኛው የሲግናል እግሮቹ «ከፍ» በሚሉበት ጊዜ የሚያወጡት ቮልቴጅ ነው፤ ይህም በአብዛኞቹ ቦርዶች ላይ ከቪሲሲ ጋር እኩል ነው።

የሥራ ቮልቴጅ የምንለው ሁለተኛውን ነው። ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ሴንሰር፣ ሬዲዮ ወይም ሚሞሪ ካርድ ሊተርፍ ወይም ሊቃጠል የሚችለው በዚህ መጠን ነውና፣ ከታች የምንፈልገው ሁሉ እሱን ነው።

ቺፑ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቤ ማወቅ አልችልም?

በአንዳንድ ቦርዶች ይቻላል፤ በፕሮ ሚኒ ላይ ግን አይቻልም። የፕሮ ሚኒ ማይክሮኮንትሮለር የሆነው አትሜጋ328ፒ ከ1.8 እስከ 5.5 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ የሚሠራ ቺፕ ስለሆነ፣ በ5 ቮልቱም በ3.3 ቮልቱም ቦርድ ላይ የተበየደው ያው አንዱ ቺፕ ነው። ፕሮ ማይክሮ በሚባለው ሌላ ትንሽ ቦርድ ላይ ያለው አትሜጋ32ዩ4ም ከ2.7 እስከ 5.5 ቮልት ስለሚሠራ ነገሩ ያው ነው።

ሌሎች ቺፖች ግን ምርጫ አይሰጡም። ኢኤስፒ8266 እና ኢኤስፒ32 ከ3.6 ቮልት በላይ እንዲሰጣቸው አልተሠሩም። ብሉ ፒል በሚባለው ቦርድ ላይ ያለው ኤስቲኤም32ኤፍ103 የሚሠራው ከ2.0 እስከ 3.6 ቮልት፣ በአርዱይኖ ዜሮ ላይ ያለው ሳምዲ21 ደግሞ ከ1.62 እስከ 3.63 ቮልት ነው። የራስፕቤሪ ፓይ ፒኮው አርፒ2040 የሲግናል እግሮቹ ጣሪያ 3.3 ቮልት ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዱን ካነበቡ ቦርዱን ከ3.3 ቮልት በላይ እንደማይችል አድርገው ይያዙት። «ባለ 32 ቢት ከሆነ 3.3 ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ በ2023 የወጣው አርዱይኖ ኡኖ አር4 ባለ 32 ቢት ቺፕ ይዞ በ5 ቮልት ይሠራል።

ቦርዱ ላይ «5ቪ» የሚል እግር አለ። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። በብዙ የኢኤስፒ32 ቦርዶች እና በብሉ ፒል ላይ «5ቪ» የተባለው እግር የዩኤስቢው ቮልቴጅ የሚገኝበት፣ ማለትም የሬጉሌተሩ መግቢያ ነው፤ ቺፑ ራሱ የሚያየው 3.3 ቮልት ብቻ ነው። ተቃራኒውም አለ፦ አርዱይኖ ኡኖ «3.3ቪ» የሚል እግር አለው፣ ግን እሱ ለውጭ ዕቃ ጥቂት ከረንት ለመስጠት የተቀመጠ ሲሆን የሲግናል እግሮቹ በሙሉ የሚሠሩት በ5 ቮልት ነው። የእግር ጽሑፍ እዚያ ነጥብ ላይ ምን ቮልቴጅ እንዳለ ይናገራል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ከየትኛው ነጥብ እንደሚመገብ አይናገርም።

ኃይል ሳልሰጠው በዓይን ምን ማየት እችላለሁ?

መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጠው ይዩ። በአንዳንድ ቅጂዎች ጀርባ ላይ የቮልቴጁ አማራጮች ከባዶ ሳጥን ጋር ታትመው፣ ፋብሪካው ከአንዱ ላይ ምልክት እንዲያደርግ ታስቦ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁሉም ሳጥኖች ባዶ ናቸው።

ቀጥሎ ሬጉሌተሩን ይፈልጉ። በፕሮ ሚኒ ላይ ከሩዝ ፍሬ አጠር የሚል፣ በአንድ ጎኑ 3 በሌላው 2 እግር ያለው ጥቁር ዕቃ ሲሆን፣ ከ«ሮው» እግር ብዙም አይርቅም። በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ በቀለም የታተመ ሳይሆን በሌዘር የተጫረ ስለሚሆን፣ መብራቱ ከላይ ሲወርድበት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ በአልኮል በረጠበ ጥጥ የብየዳውን ቅሪት እጠርጋለሁ፣ ቦርዱን በጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጌ አበራበታለሁ፣ ከዚያ በሌላ ስልክ ካሜራ አጉልቼ ፎቶ አነሳለሁ። በዓይን ጭረት የሚመስለው ነገር በፎቶው ላይ ፊደል ሆኖ ይወጣል።

ሬጉሌተሩ ኤምአይሲ5205 የተባለው ከሆነ፣ የ3.3 ቮልቱ «ኬቢ33»፣ የ5 ቮልቱ «ኬቢ50» የሚል የላቲን ፊደል እና ቁጥር ይኖረዋል። ባለ 3 እግር ሆኖ «662ኬ» የተጻፈበት ካገኙ፣ በርካሽ ቦርዶች ላይ በብዛት የሚታየው የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር ነው። ተለቅ ባሉ ቦርዶች ላይ የሚገኘው፣ በአንድ ጎኑ 3 እግር በሌላው ሰፊ ጠፍጣፋ እግር ያለው ኤኤምኤስ1117 ግን ችግር የለውም፤ ከስሙ ቀጥሎ 3.3 ወይም 5.0 ተብሎ በግልጽ ተጽፎበታል።

እነዚህ አጫጭር ኮዶች የየአምራቹ የራሱ አጻጻፍ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ፊደል በሌላ ፋብሪካ ዕቃ ላይ ሌላ ነገር ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮዱን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት፤ ማረጋገጫው ልኬት ነው።

ክሪስታሉ ላይ «16.000» ካለ 5 ቮልት ነው ማለት አይደለም?

ብዙ ጊዜ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ክሪስታል የምንለው የቺፑን የሥራ ፍጥነት የሚወስነውን ትንሽ ዕቃ ነው። የግንኙነቱ መነሻ የቺፑ የፍጥነት ገደብ ነው፦ አትሜጋ328ፒ ቢያንስ 2.7 ቮልት ሲያገኝ እስከ 10 ሜጋኸርዝ፣ ቢያንስ 4.5 ቮልት ሲያገኝ እስከ 20 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል። በ3.3 ቮልት ላይ ገደቡ 13 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡን የጠበቀ አምራች 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታልን ከ5 ቮልት ጋር፣ 8 ሜጋኸርዙን ከ3.3 ቮልት ጋር ያጣምራል።

ነገር ግን 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል እና የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር አንድ ላይ የተበየዱባቸው ቅጂዎች አሉ። ቺፑ ከተፈቀደለት በላይ እየሮጠም በክፍል ሙቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሠራ ጉድለቱ ወዲያው አይታይም። ከዚህ በተጨማሪ በብዙ ቦርዶች ላይ ያለው ክሪስታል ሳይሆን ምንም ግልጽ ቁጥር የሌለው የሴራሚክ ሬዞኔተር ነው። ክሪስታሉ ስለ ፍጥነቱ እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ቮልቴጁ ግን የሚሰጠው ግምት ብቻ ነው።

በመልቲሜትር በትክክል የሚለካው እንዴት ነው?

በጥንቃቄ ሊሠራበት የሚገባው ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ። መልቲሜትር፣ በተለምዶ ቴስተር የምንለው፣ በጣም ርካሹም ቢሆን ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ 5ን ከ3.3 ለመለየት ትልቅ ትክክለኛነት አያስፈልግም።

ኃይል ከመስጠትዎ በፊት መልቲሜትሩን ሁለት ጫፉ ሲነካካ በሚጮኽበት ቦታ ላይ ያድርጉና ሦስት ጥንዶችን ይፈትሹ፦ «ሮው»ን ከግራውንድ (ከአሉታዊው መስመር)፣ ቪሲሲን ከግራውንድ፣ «ሮው»ን ከቪሲሲ። አንዱም መጮኽ የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከጮኹ ቦርዱ ሾርት ስለሆነ ኃይል አይስጡት። ሦስተኛው ከጮኸ ሬጉሌተሩ ታልፏል ወይም ተበላሽቷል ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ «ሮው» የሚገባው ሁሉ በቀጥታ ቺፑ ላይ ስለሚያርፍ የሚከተለውን ልኬት አይቀጥሉ።

ከዚያ በኋላ 5 ቮልት ብቻ ለ«ሮው» እና ለግራውንድ ይስጡ። ምንጩ ከተራ ስልክ ቻርጀር የተቆረጠ የዩኤስቢ ገመድ ሊሆን ይችላል፤ ቀዩ ሽቦ አዎንታዊ፣ ጥቁሩ ግራውንድ መሆኑን የሽቦ ቀለም ስለማይታመን መጀመሪያ በመልቲሜትሩ ያረጋግጡ። ከ5 ቮልት እንዲጀመር አጥብቄ የምመክረው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው «ሮው እስከ 12 ቮልት ይችላል» የሚለውን ይዞ የ9 ቮልት ባትሪ ይሰካል፤ የቅጂው ሬጉሌተር 662ኬ ከሆነ ግን የተፈቀደለት መግቢያ እስከ 6 ቮልት ብቻ ነው። ሬጉሌተር ሲሞት መግቢያውን በቀጥታ ወደ መውጫው ሊያሳልፍ ስለሚችል ቺፑንም ይዞት ይሄዳል።

አሁን መልቲሜትሩን በ20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው ጥቁሩን ጫፍ በግራውንድ፣ ቀዩን በቪሲሲ ላይ ያሳርፉ። 3.3 አካባቢ፣ ለምሳሌ 3.27 ወይም 3.32 ካነበቡ ጉዳዩ አልቋል፤ ቦርዱ የ3.3 ቮልት ነው። ከ4 እስከ 5 ቮልት ባለው መካከል ካነበቡ ደግሞ ሬጉሌተሩ 5 ቮልት ማውጣት ፈልጎ መግቢያው ስላነሰው ያገኘውን እያሳለፈ ነው፤ የ5 ቮልት ቦርድ የመሆኑ ምልክት ይህ ነው።

የኋለኛውን ለማጽናት መግቢያውን ከፍ አድርገው መውጫው መቆሙን ማየት ያስፈልጋል። አራት ደህና የባትሪ ድንጋዮች ተከታትለው ሲገጠሙ 6 ቮልት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሰጣሉ፤ ይህን ለ«ሮው» ሲሰጡ ቪሲሲ 5.0 ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጥርጣሬ አይኖርም። የመጀመሪያው ልኬት ላይ መግቢያውና መውጫው እስከ መቶኛው ቁጥር ድረስ እኩል ከነበሩ ግን፣ ሬጉሌተሩ መኖሩን እና መሥራቱን ሳያረጋግጡ ወደዚህ ደረጃ አይለፉ። የአትሜጋ328ፒ የመጨረሻ ጣሪያ 6.0 ቮልት ነው።

የቪሲሲ እግር ላይ መድረስ ካልቻልኩስ?

«ሪሴት» የሚለውን እግር ይለኩ። በአርዱይኖ ዓይነት ቦርዶች ላይ ይህ እግር በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ቪሲሲ የተጎተተ ስለሆነ፣ ቦርዱ ኃይል እያለው ቁልፉ ሳይነካ ሲለካ የሚያሳየው የቪሲሲን መጠን ነው። ዲጂታል መልቲሜትር ከሰርኪዩቱ የሚወስደው ከረንት እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ሬዚስተሩ ልኬቱን አያዛባውም። ከሁሉም በላይ የሚታመነው የቺፑ የራሱ እግር ነው፦ አራቱም ጎኑ እግር ባለው የአትሜጋ328ፒ ዓይነት ላይ፣ ከነጥቧ አጠገብ ካለው ከአንደኛው እግር ተነስተው በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ሲቆጥሩ 4ኛው እና 6ኛው ቪሲሲ፣ 3ኛው እና 5ኛው ግራውንድ ናቸው። እግሮቹ በጣም የተቀራረቡ ስለሆኑ የመልቲሜትሩ ጫፍ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይነካ የሹል መርፌ ጫፍ ማሰር ይረዳል።

ከዩኤስቢ አስማሚ ጋር አገናኝቼ ቪሲሲን ስለካ 5 ቮልት አሳየኝ። እንግዲያው የ5 ቮልት ነው?

ይህ ልኬት ስለ ቦርዱ ምንም አይናገርም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ስህተትም ከዚህ የሚመነጭ ነው። ፕሮ ሚኒ የራሱ ዩኤስቢ ስለሌለው ኮድ የሚጫንበት ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው የዩኤስቢ አስማሚ፣ በጫፉ ላይ ባሉት 6 እግሮች ነው፤ ከእነዚህ እግሮች አንዱ በቀጥታ ቪሲሲ ነው፤ በሬጉሌተሩ በኩል አያልፍም። ስለዚህ አስማሚው 5 ቮልት ላይ ከሆነ የ3.3 ቮልቱም ቦርድ 5 ያሳያል፤ አስማሚው 3.3 ላይ ከሆነ የ5 ቮልቱም ቦርድ 3.3 ያሳያል። የለኩት አስማሚውን ነው።

የዚህን ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። አንድ የ3.3 ቮልት ፕሮ ሚኒ ኤንአርኤፍ24ኤል01 ከሚባለው ሬዲዮ ጋር አገናኝቼ፣ ሬዲዮውን ከቪሲሲ እየመገብኩ፣ በ«ሮው» በኩል በባትሪ ለቀናት በደህና ሲሠራ ቆየ። ከዚያ ኮዱን ትንሽ ለማስተካከል አስማሚውን ሰካሁ። የአስማሚው ትንሽ ጃምፐር (ቮልቴጁን የሚመርጠው ተነቃይ ማገናኛ) 5 ቮልት ላይ ነበር። ቦርዱ ምንም አልሆነም፤ መብራቱ በራ፣ ኮዱም ያለ አንዳች ስህተት ተጫነ፤ ከ3.6 ቮልት በላይ የማይችለው ሬዲዮ ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ አልመለሰልኝም። ቺፑ ራሱ 5 ቮልትን ስለሚችል ማስጠንቀቂያ የሚሆን ምልክት የሚያሳይ አንድም ነገር የለም፤ ስለዚህ አስማሚውን ከመሰካትዎ በፊት የጃምፐሩን ቦታ ማየት፣ ካልተማመኑም የአስማሚውን የቪሲሲ እግር ብቻውን መለካት ያስፈልጋል።

መልቲሜትር የለኝም። በኮድ ብቻ ማወቅ ይቻላል?

ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ደካማ፣ ሌላው ጠንካራ ነው።

ደካማው የብልጭታ ሙከራ ነው። በአርዱይኖ ሶፍትዌር ውስጥ ፕሮ ሚኒ 5 ቮልት 16 ሜጋኸርዝ የሚለውን መርጠው፣ በ13ኛው እግር ላይ ያለው መብራት 1 ሴኮንድ በርቶ 1 ሴኮንድ እንዲጠፋ የሚያደርገውን ኮድ ይጫኑ። 10 ብልጭታ በስልክ ሰዓት ሲቆጠር 20 ሴኮንድ ከፈጀ ክሪስታሉ 16 ነው፤ 40 ሴኮንድ ከፈጀ 8 ነው። ኮዱ በተሳካ ሁኔታ መጫኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ለአትሜጋ328 የ16ም ሆነ የ8 ሜጋኸርዙ ምርጫ በ57600 ፍጥነት ስለሚጭን ሁለቱም ምርጫዎች በሁለቱም ቦርዶች ላይ ሊሳኩ ይችላሉ። ይህ ሙከራ ፍጥነቱን ይለያል፤ ቮልቴጁ ግን ቀደም ሲል እንዳልኩት ከፍጥነቱ ጋር ላይጣጣም ይችላል።

ጠንካራው ቺፑ የራሱን ቪሲሲ እንዲለካ ማድረግ ነው። አትሜጋ328ፒ በውስጡ 1.1 ቮልት የሆነ ቋሚ ማጣቀሻ አለው። አናሎግ መለኪያውን ቪሲሲን እንደ ሙሉ መስፈሪያ ወስዶ ይህን ማጣቀሻ እንዲያነብ ካዘዙት፣ ቪሲሲ 5 ሲሆን ንባቡ 225 አካባቢ፣ ቪሲሲ 3.3 ሲሆን 341 አካባቢ ይሆናል፤ 1.1ን በ1023 አባዝቶ ለቪሲሲ ማካፈል ነው። ማጣቀሻው ከቺፕ ወደ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ስለሚለያይ ንባቡ ወዲህና ወዲያ ቢልም፣ በ5 ቮልት ከ246 አይበልጥም፣ በ3.3 ቮልት ከ310 አያንስም፤ ሁለቱ ክልሎች አይነካኩም። መለኪያው ወደ ማጣቀሻው ከዞረ በኋላ ጥቂት ሚሊሴኮንድ እንዲረጋጋ መጠበቅ እና የመጀመሪያውን ንባብ መጣል ይገባል።

እዚህም ላይ የአስማሚው ወጥመድ አለ። ኮዱ ከተጫነ በኋላ የአስማሚው የቪሲሲ ሽቦ መነቀል፣ ቦርዱም በ«ሮው» በኩል 5 ቮልት መመገብ አለበት፤ የግራውንዱ እና ከቦርዱ መረጃ የሚልከው ሽቦ ብቻ ይቀራሉ። በ«ሮው» 5 ቮልት ሲገባ የ5 ቮልት ቦርድ ቪሲሲ ትንሽ ዝቅ ሊል ስለሚችል ንባቡ ከ225 ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ ለውሳኔ የሚያስቸግረው ከ280 እስከ 310 ባለው መካከል ሲሆን ነው፤ በዚያን ጊዜ መልቲሜትር መዋስ ይሻላል።

ያልጠበቅሁት ቁጥር ወጣ። ምን ማለት ነው?

5 ቮልት በ«ሮው» ሰጥተው ቪሲሲ 4.0 አካባቢ ካሳየ፣ ኤኤምኤስ1117 ዓይነት ከመግቢያው 1 ቮልት ያህል የሚያስቀር ሬጉሌተር ያለው የ5 ቮልት ቦርድ ሊሆን ይችላል። ዜሮ ወይም 1 ቮልት የማይሞላ ከሆነ ሬጉሌተሩ ሞቷል፣ ብየዳው ለቋል፣ ወይም ቦርዱ ላይ ሾርት አለ፤ ሬጉሌተሩን በጣትዎ ነክተው የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ኃይሉን ያቋርጡ። ቁጥሩ የሚዋልል ከሆነ ከሁሉ በፊት የግራውንዱን ሽቦ ይፈትሹ፤ በብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ላይ እግሮቹ ሳይበየዱ የተቀመጠ ቦርድ እንዲህ ያለ ነገር በብዛት ያሳያል።

ሬጉሌተር የሌለው ወይም የተነቀለበት ቦርድስ?

ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ሬጉሌተሩ እና የኃይል መብራቱ ሆን ተብሎ የተነቀሉባቸው ፕሮ ሚኒዎች አሉ፤ የቀሩት ባዶ የብየዳ ቦታዎች በግልጽ ይታያሉ። እንዲህ ያለ ቦርድ የራሱ የሆነ ቮልቴጅ የለውም፤ ቪሲሲ ላይ የሚሰጡት ሁሉ የሥራ ቮልቴጁ ነው። ወሳኙ ክሪስታሉ ነው፦ 8 ሜጋኸርዝ ከሆነ 3.3 ቮልት ይስጡት፤ 16 ከሆነ እና ቺፑ በተፈቀደለት ገደብ ውስጥ እንዲሠራ ከፈለጉ 5 ያስፈልገዋል። ክሪስታሉ ካልተነበበ በ3.3 ይጀምሩ፤ አትሜጋ328ፒ በ3.3 ቮልት ምንም አይጎዳም፣ ቢበዛ ኮዱ መዛባቱን ያያሉ።

ለጊዜው ሳላረጋግጥ መጠቀም ካለብኝ ምን ይጎዳል?

የቦርዱ አትሜጋ ራሱ ብዙም አያሰጋውም፤ የሚጎዳው ከእሱ ጋር የተገናኘው ነው። ኤስዲ ካርድ ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት፣ ኤንአርኤፍ24ኤል01 ከ1.9 እስከ 3.6 ቮልት፣ የአየር ግፊት መለኪያው ቢኤምፒ280 ከ1.71 እስከ 3.6 ቮልት ይፈልጋሉ፤ የራሳቸው ሬጉሌተር በሌለው ሞጁል ላይ ከሆኑ 5 ቮልት ያበላሻቸዋል። የኃይል መስመሩ ብቻ ሳይሆን የሲግናል መስመሩም ያሰጋል፦ ከ5 ቮልት ቦርድ የሚወጣ ሲግናል ወደ 3.3 ቮልት ዕቃ ሲገባ፣ በዕቃው እግር ውስጥ ባሉት መከላከያ ዳዮዶች በኩል ከረንት ያስገባል፤ ዕቃው ወዲያው ባይሞትም ቀስ በቀስ ይደክማል። ለአንድ አቅጣጫ ሲግናል 1 ኪሎ ኦም እና 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን አከታትሎ ከ2 ኪሎ ኦሙ ላይ ሲግናሉን መውሰድ 5ን ወደ 3.3 ያወርደዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በ5 ቮልት የሚሠራ አትሜጋ «ከፍ» ብሎ የሚቀበለው ከ3.0 ቮልት ጀምሮ ስለሆነ የ3.3 ቮልት ሲግናል ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይነበባል፤ ትርፉ ጠባብ ስለሆነ ግን ረጅም ሽቦ አይመከርም።

በአንድ ፌስታል 10 ገዝቼ አንዱን ለካሁ። ሌሎቹም ያው ናቸው?

ሁሉንም ይለኩ። ከአንድ ፌስታል የወጡ፣ በመልክ አንድ የሆኑ ቦርዶች መካከል የተለየ ሬጉሌተር ያለው አንድ ወይም ሁለት ሲገኝ አይቻለሁ፤ ሻጩም ቢሆን የሚያውቀው ከላኪው የሰማውን ብቻ ነው። አንዱን ቦርድ ለክቶ መጨረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የለኩትን ሁሉ በጀርባው፣ ከብየዳ ነጥቦቹ ራቅ ባለ ቦታ፣ በማይጠፋ ማርከር ቮልቴጁን እና ክሪስታሉን አንድ ላይ ይጻፉበት፤ «3.3 በ8» ወይም «5 በ16» ብሎ። ሁለቱ ያልተጣጣሙበትን ቦርድ፣ ማለትም «3.3 በ16» የሆነውን፣ ለብቻው ያስቀምጡት፤ ለልምምድ ይሆናል፣ ሜዳ ላይ ተተክሎ ለወራት እንዲሠራ ለሚጠበቅ ዕቃ ግን አይመረጥም።